የአተር ነቀዝን ከጎታ ሳይሆን ከማሳ ጀምሮ መያዝ

እናቴ በየዓመቱ አተር ከመግባቱ በፊት ጎታ ትለቀልቅ ነበር። ጭቃና እበት አቡክታ ውስጡን ከላይ እስከ ታች ታለሰልሰዋለች፤ ሲደርቅ ታጥነዋለች፤ አተሩንም ከአመድ ጋር እየደባለቀች ትሞላዋለች። የካቲት ላይ ሲከፈት ግን ያው ነው። ፍሬው ሁሉ ጎኑ ላይ በወስፌ የተበሳ የሚመስል አንድ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ውስጡ ባዶ፣ ሲያነሱት እንደ ገለባ የቀለለ። «ጎታው ነው ያመጣብን» ትል ነበር። አንድ ዓመት ተናዳ ጎታውን አፈረሰችና አዲስ ሠራች። አዲሱም ያንኑ አመጣ።

ጥፋቱ የጎታው አልነበረም። ነቀዙ አተሩ ገና እሸት እያለ፣ ማሳ ላይ ሆኖ ነው ፍሬው ውስጥ የገባው። እኛ ጎታ ስንለቀልቅ እሱ ቤቱን ከነቀለቡ ይዞ ተቀምጦ ነበር።

ይህን የጻፍኩት ደጋ ላይ አተር ለሚዘራ ሰው ነው፤ ደላንታም ሁኑ ዋድላ፣ መቄትም ሁኑ ተንታ ወይም ኩታበር። ደቆቆ የምትዘሩም አንብቡት፤ ደቆቆም አተር ነውና። አሠራሩ አይከብድም፤ ወጪውም ብዙ አይደለም። የሚከብደው ጊዜውን መጠበቅ ነው፤ አንዱ ወር ካለፈ የቀረው ልፋት ለቀዳዳው እንጂ ለአተሩ አይሆንም።

1. መጀመሪያ የትኛው ነቀዝ እንደሆነ ለዩ

በእኛ አገር እህል የሚበላ ነፍሳት ሁሉ ስሙ ነቀዝ ነው፤ የስንዴውም፣ የበቆሎውም፣ የሽምብራውም፣ የአተሩም። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ምንም አይፈይድም፤ ብዙው ልፋታችን ሜዳ የቀረውም በዚሁ ነው።

የስንዴው ነቀዝ እንደ ኩምቢ ወደ ፊት የሾለ አፍ አለው። የአተሩ ያ የለውም። ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ድብልብል ያለ ጥንዚዛ ነው፤ መልኩ ቡናማ ሆኖ ነጭና ግራጫ ጠቃጠቆ ጣል ጣል ብሎበታል። አንዱን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ከኋላው እዩት። ክንፉ አጭር ቀሚስ እንደለበሰ ሰው ጀርባውን ሙሉ አይሸፍንለትም፤ ከክንፉ ወጣ ያለው መቀመጫው ነጣ ያለ ነው፤ እዚያ ነጩ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ጎን ለጎን አሉ። እነዚያን ሁለት ነጥቦች ካያችሁ ጥርጥር የለውም፣ እሱ ነው።

ሳይንሳዊ ስሙ ብሩከስ ፒሶሩም ይባላል። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ከመዘገባቸው ነፍሳት አንዱ ነው። ድሮ እሱና መሰሎቹ ለብቻቸው እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠሩ ነበር፤ አሁን ግን ከቅጠል በል ጥንዚዛዎች ቤተሰብ ውስጥ ተደምረዋል። እርግጥ እሱ ራሱ ቅጠል ሲበላ አታዩትም። ዘመዶቹ ቅጠል ሲቆረጣጥሙ የእሱ ወገን ፊቱን ወደ ጥራጥሬ ያዞረ ነው። ለባቄላም፣ ለምስርም፣ ለቦሎቄም የየራሳቸው ዘመድ አላቸው፤ የአተሩ ግን እንቁላሉን ከአተር በቀር ሌላ ላይ አይጥልም። ስለዚህ ከአተሩ ጎን ያለ ባቄላችሁ ቀዳዳ ካወጣ ይህኛውን አትውቀሱት።

በተለይ ከሽምብራው ነቀዝ ጋር አታምታቱት። የሽምብራው ነቀዝ አነስ ይላል፤ እንቁላሉን የሚለጥፈው በደረቀው ፍሬ ላይ፣ እዚያው ጎተራ ውስጥ ነው። ሽምብራችሁ ላይ እንደ ኖራ ጠብታ የተለጠፉ ነጫጭ ነጥቦች ካያችሁ እነሱ እንቁላሎቹ ናቸው። በአንድ ፍሬ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ይኖራል፤ በየወሩ ገደማ አዲስ ትውልድ እያወጣ እህሉ እስኪያልቅ ይቀጥላል። የአተሩ ነቀዝ በአንድ ፍሬ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ በዓመትም አንድ ጊዜ ብቻ ይወልዳል፤ ደረቅ አተር ላይ ፈጽሞ አይራባም። ጎታ ውስጥ የወጣው ነቀዝ እዚያው ያሉትን ጤነኛ ፍሬዎች አይነካም። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች አያምኑኝም፤ ጥር ላይ አሥር፣ የካቲት ላይ መቶ ሲሆን ያዩ የተራባ ይመስላቸዋል። የተራባ ሳይሆን ቀድሞ የነበረው ተራውን ጠብቆ የወጣ ነው።

ካላመናችሁ አትከራከሩኝ፣ በብርጭቆ ሞክሩት። እኔም ያመንኩት እንዲሁ ነው። ኅዳር ላይ ከአውድማ እንደተነሳ ቀዳዳ የሌለው፣ ለዓይን የሚያምር አተር አንድ እፍኝ ለቅሜ የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩና አፉን በቀጭን ጨርቅ አሰርኩ። ጎታ የለ፣ አመድ የለ፣ ጎረቤት የለ። መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ጥር ውስጥ አንድ ጠዋት ሳየው ሦስት ነቀዝ ብርጭቆውን ይወጣሉ፣ ይንሸራተታሉ። እናቴ ብልቃጡን ወደ ብርሃን ይዛ ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየችና «እኔስ ጎታዬን በከንቱ ነው ያማሁት» አለች።

2. ዓመቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ እወቁ

ይህን ክፍል አትዝለሉት፤ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

አተር ስትዘሩ፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ፣ ነቀዙ ተደብቋል። የባሕር ዛፍ ልጣጭ ሥር፣ የድንጋይ ካብ ስንጥቅ ውስጥ፣ የገለባ ክምር ውስጥ፣ የቤት ክዳን ሣር መሃል፣ ወይም እዚያው አተሩ ፍሬ ውስጥ ሳይወጣ ወራቱን ያሳልፋል። ነሐሴ አልቆ መስከረም ሲጠባ፣ አተሩ ማበብ ሲጀምር፣ ፀሐይ ሞቅ ባለችበት ሰዓት እየበረረ ይመጣል። ሩቅ መብረር ይችላል፤ የእናንተ ማሳ ንጹሕ ቢሆን የጎረቤት ጎታ ይበቃዋል። መጀመሪያ የሚያርፈው ማሳው ዳር ዳር ላይ ነው።

እንስቷ እንደመጣች እንቁላል አትጥልም። በፊት የአተር አበባ ብናኝ መብላት አለባት፤ እሱን ካልበላች እንቁላሏ አይበስልም። አተሩ እሸት መያዝ ሲጀምር ቢጫማ ብርቱካናማ፣ ከጤፍ ፍሬ ረዘም ያለ እንቁላል በቅርፊቱ ላይ አንድ በአንድ ትለጥፋለች። እንቁላሉ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው ያየዋል።

እንቁላሉ እንደ ሙቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ትሉ ወደ ውጭ ብቅ እንኳ አይልም፤ ከእንቁላሉ ሥር ቅርፊቱን በስቶ በቀጥታ ወደ ፍሬው ይገባል። የገባበት ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ነው፤ እሸቱ ገና እያደገ ስለሆነ ይድናል፤ ጥቁር ነጥብ ብቻ ይቀራል። በአንዱ ፍሬ ሦስትም አራትም ትል ሊገባ ይችላል፤ የሚያድገው ግን አንዱ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ከእህቴ ልጅ ጋር ማሳ ዳር ቁጭ ብለን እሸት እየፈለፈልን ስንበላ «አጎቴ፣ ይቺኛዋ ጠቃጠቆ አላት» ብላ አንዲት ፍሬ ሰጠችኝ። አረንጓዴ፣ ጠብደል ያለች ፍሬ ናት፤ ጎኗ ላይ በእስክሪብቶ የተነካች የምትመስል ነጥብ አለች። በጥፍሬ ለሁለት ከፈልኳት። ከነጥቧ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነች መንገድ፣ በመንገዷ ጫፍ ራሷ ቡናማ የሆነች፣ ነጭ ክር የምታክል ትል። ልጅቷ እስኪበቃት የበላችውን እሸት አስባ ፊቷን አጨማደደች። ምንም አይደለም አልኳት፤ እኛም ስንት ዘመን በልተነዋል።

ትሉ አምስት ስድስት ሳምንት ያህል ፍሬውን ሲበላ ይቆያል፤ ሲጠግብ ወፍሮ እንደ ማጭድ የጎበጠ ይሆናል። ከዚያ አንድ ብልሃት ይሠራል። ከመተኛቱ በፊት እስከ ገለፈቱ ድረስ ይቦረቡርና ገለፈቱን ሳይበሳ ይተዋል። ከውጭ ስታዩት ክብ፣ ጠቆር ያለ፣ ስስ መስኮት ይታያል። ከመስኮቱ ጀርባ ሙሽሬ ሆኖ ሁለት ሳምንት ገደማ ይተኛል፤ ጥንዚዛ ሆኖ ሲነሳ መስኮቱን በራሱ ገፍቶ ይወጣል። ያ የክብሪት ራስ የሚያክለው ቀዳዳ የመግቢያ ሳይሆን የመውጫ በሩ ነው። ቀዳዳ ስታዩ ሌባው ሰርቆ፣ በልቶ፣ ከቤት ወጥቶ ሄዷል ማለት ነው።

እንግዲህ ነቀዙን ለመያዝ ሁለት ጊዜ ብቻ አለን። አንደኛው ሲያብብ፣ እንቁላል ሳይጣል። ሁለተኛው ከአጨዳ በኋላ፣ ትሉ ገና ትንሽ ሆኖ ፍሬውን ሳይጨርሰው።

3. ሲያብብ ማሳው ዳር ውረዱ

የመጀመሪያው አበባ ከታየበት ቀን ጀምሮ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን ወደ ማሳ ሂዱ። ጠዋት በብርዱ አይገኝም። ነጭ ጨርቅ ወይም ያረጀ ነጠላ ከተክሉ ሥር ዘርጉና አበባውን በእጃችሁ መታ መታ አድርጉት። ነጩ ላይ የሚወድቀውን እዩ። ከዳሩ ጀምሩ፤ ከዳሩ ካጣችሁት መሃሉ ላይ መድከም አያሻም።

እኔ የምመክረው የወጥመድ መደብ ነው። በማሳው ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠርዝ ላይ ቀድሞ የሚያብብ አተር ከዋናው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት አስቀድሙና ዝሩ። ነቀዙ ሲመጣ መጀመሪያ ያበበውን ያገኛል፤ እዚያ ይሰፍራል፤ እዚያ እንቁላሉን ይጥላል። ጠርዙ እሸት ይዞ ፍሬው ሳይጠነክር በማጭድ አጭዳችሁ ለላም ስጡት። ላሟ ከነእንቁላሉ፣ ከነትሉ ትበላዋለች። መሬት ያነሰው ሰው «ጠርዜን ለነቀዝ ልዘራ?» ይለኛል፤ የምዘራው ለላሟ ነው በሉት።

መርጨትን በተመለከተ ጠንቃቃ ሁኑ። መድኃኒት የሚሠራው ነቀዙ እንቁላል ሳይጥል ብቻ ነው፤ ትሉ ፍሬ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጭ ሁሉ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ያ ጊዜ ደግሞ አበባው ያለበት፣ ንብ የምትሰማራበት ጊዜ ነው። መስከረም ላይ ንብ ገድሎ ኅዳር ላይ ማር የሚጠብቅ ሰው አይቻለሁ። ግድ ከሆነ የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ አማክሩ፤ ዳር ዳሩን ብቻ፣ ንብ ቀፎዋ ከገባች በኋላ አመሻሽ ላይ ይሁን፤ ለንብ ባለቤቶችም ንገሩ።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። አንዳንድ የአተር ዓይነቶች እንቁላል ሲለጠፍባቸው ከእንቁላሉ ሥር ቅርፊታቸውን ያሳብጣሉ፤ እብጠቱ እንቁላሉን ከፍ አድርጎ ስለሚይዘው ትሉ ወደ ፍሬው መግባት ይቸግረዋል። ይህን እብጠት የሚቀሰቅሰው ከነቀዙ የሚወጣ ንጥረ ነገር ነው፤ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ብሩኪን ብለው ስም አውጥተውለታል። እሸታችሁ ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ እብጠት ካያችሁ በሽታ ነው ብላችሁ አትንቀሉት፤ ተክሉን በክር ምልክት አድርጉና ፍሬውን ለብቻ ለዘር ያዙት።

4. በጊዜ ንቀሉ፣ በጊዜ ውቁ

አተሩ እንደደረሰ ንቀሉት። ከደረሰ በኋላ በማሳ ላይ የሚያድር ቀን ሁሉ ለትሉ የመብያ ቀን ነው፤ ከዚያም በላይ ቅርፊቱ እየፈነዳ ፍሬው ይረግፋል። የረገፈው ፍሬ ለከርሞ የሚሆነውን ነቀዝ በሆዱ ይዟል።

ክምር አታቆዩ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ገብስና ስንዴ ስለሚሻማ አተሩ ተከምሮ እስከ ታኅሣሥ የሚቆይበት ቤት ብዙ ነው። ወንፈል ስትገባቡ አተሩን አስቀድሙ። ከተወቃ በኋላ አውድማውን ጥረጉ፤ በጎችና ዶሮዎች ቃርሚያውን ይልቀሙት፤ ከዚያ ማሳውን ጠለቅ አድርጋችሁ እረሱት። ገለባውን ከቤት ራቅ አድርጉና ቀድማችሁ አብሉት። በልግ ላይም አተር የሚዘራበት ቀዬ ከሆናችሁ ይህ የበለጠ ይመለከታችኋል፤ ነቀዙ በዓመት ሁለት ጊዜ አበባ ያገኛልና።

ይህን አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው ግማሽ ሥራ ነው። ነቀዝ ድንበር አያውቅም። የቅሬ ስብሰባ ላይ ከቡናው በኋላ አንሱት፤ አያ እገሌም እትዬ እገሊትም በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢወቁና ቢያጸዱ ሁሉም ያተርፋል።

5. እህሉን በሦስት ክፈሉት

ከአውድማ ሲነሳ ለምግብ፣ ለሽያጭ፣ ለዘር ብላችሁ ለዩት። ለሦስቱም አንድ ዓይነት መድኃኒት የለም።

የሚሸጠውን ቶሎ ሽጡ። ዋጋ እስኪወጣ ላቆየው ያለ ሰው የካቲት ላይ ቀዳዳ ይሸጣል።

የምግቡን ቀድማችሁ አድርሱት። የወሎ ሴቶች ለክክና ለሽሮ አተሩን ሲያምሱት፣ ሲከኩት፣ ሲያበጥሩት ሳያውቁት ነቀዙን እየገደሉት ነው። እሳቱ ትሉን ይገድለዋል፤ መከካቱ ደግሞ ቤቱን ለሁለት ይከፍልበታል። ስለዚህ የዓመቱን ሽሮ በየወሩ ከማዘጋጀት ይልቅ የቻላችሁትን ያህል ታኅሣሥ ሳያልቅ ክክ አድርጉት። ክክ ሲበጠር ሰፌዱ ጫፍ ላይ የሚሰበሰቡትን ነጫጭ ትሎች ለዶሮ ስጡ። የተነቀዘ አተር ስታበጥሩ አፍንጫችሁን በሻሽ ወይም በነጠላ ሸፍኑ፤ ብናኙ አንዳንዱን ሰው ያስነጥሰዋል፣ አስም ያለበትን ደረቱን ይይዘዋል።

6. በፀሐይ መግደል

ክክ የማይሆነው፣ ከነገለፈቱ የሚቀመጠው አተር ትሉን ቶሎ መግደል ያስፈልገዋል። ፀሐይ ለዚህ ነጻ ናት፤ ግን አሠራር አላት። ሸራ ላይ ማስጣት ብቻውን ያደርቃል እንጂ አይገድልም።

በመጀመሪያ አተሩ ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ። ጨው በምጣድ አድርቃችሁ አቀዝቅዙት፤ ንጹሕ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ጨውና አንድ ሁለት እፍኝ አተር ጨምሩ፤ ከድናችሁ ጥቂት ደቂቃ ነቅንቁና አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ገና እርጥብ ነው፤ ተመልሶ ይሰጣ። ካልተጣበቀ ቀጥሉ።

ነፋስ የማይገባበት ቦታ ምረጡ። መሬቱ ላይ ገለባ በደንብ ጎዝጉዙ። በላዩ ጥቁር ላስቲክ አንጥፉ። አተሩን ሁለት ጣት በማይበልጥ ውፍረት በትኑ። በላዩ የሚያሳይ ነጭ ላስቲክ ሸፍኑና ዙሪያውን በድንጋይ ወይም በአፈር ጥርቅም አድርጉት፤ አየር እንዳይገባ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተዉት። የሚፈለገው እህሉ 57 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ደርሶ ለአንድ ሰዓት ያህል እንዲቆይ ነው። ቴርሞ ሜትር ከሌላችሁ እጃችሁን እህሉ ውስጥ ክተቱ፤ ሳታስቡት መንጭቃችሁ ካወጣችሁት ደርሷል፤ ችላችሁ ከያዛችሁት አልደረሰም።

ገለባውን እንዳትንቁት። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ላስቲኩን ባዶ መሬት ላይ ነበር ያነጠፍኩት። ታኅሣሥ ነው፣ ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል፤ ላስቲኩም ላቡ ይንጠባጠባል፤ ተሳካልኝ ብዬ ከተትኩት። ሳምንት ቆይቼ አሥር ፍሬ በቢላ ስሰነጥቅ ስምንቱ ውስጥ ትሉ ይላወሳል። የደጋ መሬት ታኅሣሥ ላይ እንደ በረዶ ነው፤ ሙቀቱን ከሥር ይጠጣዋል። ላቡም የእህሉ እርጥበት ነበር፤ ሳላደርቀው ቸኩዬ ነው። በማግስቱ ከጎረቤት ገለባ ተበድሬ ደገምኩት።

ከላስቲኩ ካወጣችሁ በኋላ ጥላ ላይ ይቀዝቅዝ። በትኩሱ ከከተታችሁት ያልበዋል፣ ይሻግታል። ከዚያ ፍሬዎችን ሰንጥቃችሁ እዩ። የሞተ ትል ዝርግትግት ብሎ ይጠቁራል፤ በመርፌ ሲነካ አይነቃነቅም።

7. አየር መንሣት

ፀሐዩን ካልቻላችሁ፣ ወይም ከፀሐዩም በላይ እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ፣ አየር የማያስገባ ዕቃ ተጠቀሙ። ትሉም እንደኛ ይተነፍሳል፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለውን አየር ራሱ ጨርሶ ራሱ ይታፈናል። ቶሎ ከተዘጋ ገና ትንሽ ሳለ ይሞታል።

ባለ ሦስት ንብርብሩ ከረጢት፣ ፒክስ የሚባለው፣ ሁለት የላስቲክ ከረጢቶች ከውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከውጭ ያለው ነው። ከመሙላታችሁ በፊት የውስጦቹን በአየር ነፍታችሁ ጨመቅ አድርጓቸው፤ ቢያፏጭ ቀዳዳ አለው። አተሩ ውስጥ የቀረ እንጨትና ጭራሮ ላስቲኩን ስለሚበሳ በደንብ አበጥሩ። አንዱን ሞልታችሁ አየሩን እየገፋችሁ አውጡ፣ ጠምዝዙ፣ እሰሩ፣ አጥፋችሁ ድገሙ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ በመጨረሻ የውጩን። ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ አይጥ አንዴ ከነከሰው ተራ ከረጢት ነው። ቢያንስ ሁለት ወር አትክፈቱት። ለየዕለቱ የሚጨለፈውን በሌላ ዕቃ ለዩ።

ከረጢቱን ላጣ ሰው ጀሪካን አለለት። የዘይት ወይም የውኃ ጀሪካን አጥባችሁ ጠብ እስኪያልቅ አድርቁ፤ የመድኃኒት የነበረ ጀሪካን ግን ለምግብም ለዘርም አይሆንም። 25 ሊትሩ 20 ኪሎ ገደማ አተር ይይዛል። እስከ አንገቱ ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፣ እየነቀነቃችሁ ድገሙ፤ ጎደሎ ጀሪካን ውስጥ የቀረው አየር ለነቀዙ ስንቅ ነው። ክዳኑ ሥር ላስቲክ ጣል አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ግጠሙት።

8. ስለ አመድና ስለ ክኒን

አመድ ለሽምብራው ነቀዝ ደህና ነው፤ ፍሬ ላይ የሚሄደውንና እንቁላል የሚለጥፈውን ያስቸግረዋል። የአተሩ ግን ፍሬው ውስጥ ተዘግቶ ስላለ አመዱ አይደርስበትም። በርበሬውም፣ ዱቄት መድኃኒቱም እንዲሁ።

ገበያ ላይ የሚሸጠው የእህል ክኒን ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ፍሬ ውስጥ ይገባል፣ ትሉንም ይገድላል፤ ሰውም ይገድላል። ሰው በሚያድርበት ቤት፣ ከመኝታ አጠገብ ባለ ጎታ ውስጥ መክተት ለልጆቻችሁ መቃብር መቆፈር ነው። ካልሠለጠነ ሰው እጅ አይገባም፣ መኖሪያ ቤትም አይገባም። እኔ ቤቴ አላስገባውም።

9. ለዘር የሚሆነው

የተነቀዘ አተር ዘር አይሆንም፤ አንዳንዱ ቢበቅልም ስንቁ ስለተበላ ቡቃያው ቀጭን ነው። ሰኔ ላይ ከመዝራታችሁ በፊት ዘሩን ጨው ባለው ውኃ ውስጥ ክተቱት፤ የተንሳፈፈውን ግፈፉና አውጡ፤ የሰመጠውን አለቅልቃችሁ በጥላ አድርቁት። የሰመጠ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ እያያችሁ በስምንተኛው ቀን የበቀለውን ቁጠሩ። ከ80 ካነሰ ዘሩን ለውጡ ወይም መጠኑን ጨምሩ። በፀሐይ ያሞቃችሁትን ዘር በተለይ ይህን ፈተና ሳታደርጉለት አትዝሩት።

አንድ የቆየ ዘዴ አለ፤ ሰው የረሳው ይመስለኛል። ይህ ነቀዝ በደረቅ አተር ላይ ስለማይራባ፣ ዘሩን በደንብ በታሰረ ዕቃ አንድ ዓመት አሳድራችሁ በሁለተኛው ዓመት ብትዘሩት የወጣው ሁሉ እዚያው ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ዘሩን ነፍታችሁ፣ ቀዳዳውን ለቅማችሁ ትዘራላችሁ። ለዚህ የሁለት ዓመት ዘር ያለው ሰው መሆን ይጠይቃል እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

ዘር ለዘመድ ስትልኩም አስቡ። እ.ኤ.አ. ከ1748 እስከ 1751 አሜሪካን የዞረው የሊኒየስ ተማሪ ፔር ካልም እዚያ ሳለ ይህ ነቀዝ ገበሬዎችን አተር መዝራት እንዳስተዋቸው አይቶ ነበር። አገሩ ስዊድን ገብቶ ያመጣውን የአተር ጥቅል ሲፈታ በሕይወት ያሉ ነቀዞች አገኘ። እባብ ያየ ያህል ደነገጠና ወዲያው መልሶ ዘጋው። እኛ ግን ያልታየ ዘር በስልቻ ቋጥረን ከደጋ ደጋ እንልካለን። የምትልኩት አተር መስኮት ያለው ከሆነ ለዘር አትላኩት፤ ክክ አድርጋችሁ ላኩት።

10. ብልቃጡን አትርሱ

ሁሉንም ከጨረሳችሁ በኋላ ከየዕቃው አንድ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ በየብልቃጡ አድርጉ፤ አፉን በጨርቅ እሰሩ፤ ከየትኛው ጀሪካን እንደወጣ ወረቀት ለጥፉበት። ቤቱ ውስጥ ሞቅ ባለ ቦታ፣ ምድጃ አቅራቢያ ቢቀመጥ ውጤቱ ቶሎ ይታያል። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ እዩት። በአንዱ ብልቃጥ ውስጥ ነቀዝ ከወጣ የዚያኑ ዕለት ያንን ጀሪካን ክፈቱ፤ ክዳኑ ልል ሆኖ ወይም ሳይሞላ ቀርቶ ይሆናል። ያንን አተር ወደ ምጣድ፣ የቀሩትን እንደተዘጉ ተዉአቸው። ከብልቃጡ የወጡትን ነቀዞች ውጭ አትድፏቸው፤ እስከ መስከረም የሚደበቁበት አያጡም። ለዶሮዋ ስጧት።